ፎጣ ካለ ሰው አለ

«የዋና አስተማሪዋን ውኃ በላት» አላት አለቃዋ፣ ገና ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ሳታሳርፍ።

«ማዕበል ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ የምን ማዕበል! ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ነበር የሚመስለው አሉ።»

«ታዲያ ለምን በላት?»

አለቃዋ በረጅሙ ተነፈሰ። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ይቺ ሴት እንኳን የሰው ሞት ቀርቶ፣ ሻይ ቀዝቅዞ ቢመጣላት ለምን እንደቀዘቀዘ ሳታጣራ አትቀምሰውም።

«ስሚኝ» አላት። «ትናንት አንድ ቤተሰብ ካታማራን ተከራይቶ ሊዝናና ወጣ። ሲዋኙ፣ ሲበሉ፣ ሲስቁ ዋሉ። ሊመለሱ ሲሉ ሽማግሌው ካፒቴን ሴትየዋ ውኃ ውስጥ እያለች ሞተር አስነሣ። ከጀልባው ኋላ ውኃ ውስጥ ያለው የመሪ ብረት ጭንቅላቷን መታት፤ አለቀ። ሽማግሌውም ‹የገደልኳት እኔ ነኝ› ብሎ አምኗል። ዛሬ ከሰዓት ለዐቃቤ ሕግ እናስረክበዋለን። ሂጂ፣ የቤተሰቡን ቃል ተቀበይና መዝገቡን ዝጊልኝ። ደግሞ እንደ ልማድሽ አትጎርጉሪ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዘንዶ ካለበት ዓሦቹ ምን ያድርጉ?» ብላው ወጣች።

ጀልባዋ ከወደቡ ጥግ ታስራ ቆማለች። ካታማራን ማለት እንግዲህ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው አንድ ሰፊ ወለል ሲሸከሙ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከወለሉ ሥር፣ ውኃው ክፍት ነው፤ ሰው ተንሳፍፎ ሊያልፍበት ይችላል። ከፊት ወለሉ ያልቅና ሰው የሚጋደምበት መረብ ይዘረጋል። ከኋላ መቀመጫ፣ ወደ ውኃ መውረጃ መሰላልና አንድ ረጅም ሽቦ አለ። በደረጃ ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ይገኛል። መርማሪዋ የምትወደው መሬት ነው። ቢሆንም ጥርሷን ነክሳ ገባች።

አስከሬኑን ያወጣው ጠላቂ ፖሊስ የሟቿን ቦርሳ አቀረበላት። ከፍታ አየች። ቀሚሱ ተጣጥፏል፣ ሹራቡ ተጣጥፏል፣ ማበጠሪያዋ እንኳ በመሐረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነጭ ፎጣ ውሻ ያኘከው መስሎ ተወትፏል።

ነካችው፤ ደረቅ ነው፤ የባሕር ጨው እንኳ የለበትም። ዘርግታ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ጫፉ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የነከሰው ምልክት አለ። ከጭምድዱ ሥር ደግሞ ቀጥ ያሉ የእጥፋት መስመሮች ይታያሉ።

«ይህን ፎጣ አንድ እጅ አሳምሮ አጥፎት ነበር» አለች። «ኋላ ሌላ እጅ መጥቶ ጨመደደው። ለምን?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አለ ጠላቂው።

«ፎጣውን ነው።»

ባልየው የጥርስ ሐኪም ነው። የወደቡ ቢሮ ውስጥ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ወትፎ ተቀምጦ አገኘችው። ገና ሳትጠይቀው ጀመረ።

«ትናንት ጠዋት ተጣልተናል። በትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት፤ የፀሐይ ቅባቷን ቤት ረስቼው መጣሁ። ‹ለአንድ ነገር እንኳን አትታመንም› አለችኝ። እኔም ኮረፍኩና ፊት በኩል መረቡ ላይ ተጋደምኩ፤ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፋሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ የሞተሩ ድምፅ ነው። ከዚያ ጩኸት። አኩርፌያት ሞተች እኮ! ምነው አንዲት ቃል በተነፈስኩላት!»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ካፒቴኑ ጠዋት ምን ነገራችሁ?»

«ስለ ፎጣው ነዋ። ለያንዳንዳችን አንዳንድ መቆንጠጫ ሰጠን፤ ቀለሙ የተለያየ። ውኃ ስትገቡ ፎጣችሁን ሽቦው ላይ ስቀሉ፣ ስትወጡ አንሡ አለን። ‹ፎጣ ካለ ሰው አለ› ይላል ሽማግሌው። አንድ ፎጣ እንኳ ተሰቅሎ ካየ ጀልባዋን አያንቀሳቅስም። የኔ አረንጓዴ ነበር።»

ቀጥሎ የገባው የሟቿ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን። የትናንት ሸሚዙን አልቀየረም።

«ፎጣ? የምን ፎጣ?» አለ። «ማንም ምንም አልነገረንም።»

«የእህትህ ባል ተነግሮናል ይላል።»

«እሱ ግራ ገብቶት ነው። ሽማግሌው አላስጠነቀቀንም። በቃ።»

«ሸሚዝህ ላይ ያለው ጭቃ ምንድን ነው?»

«የመልሕቁ ነዋ። ፊት በኩል ሆኜ መልሕቁን ስስብ ነበር። ጭቃ ይዞ እምቢ ሲለኝ ሽማግሌውም መጥቶ አገዘኝ።»

«ይህን ቃልህን ከፈረምክ ሽማግሌው እስር ቤት ይገባሉ። ታውቃለህ?»

«የሞተችው የኔ እህት ናት» አለና ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ።

ወይዘሮ ለምን ውሸታም አይታ ጠግባለች። ለራሱ የሚዋሽ ሰው ዓይኑ ይንከራተታል። ይህኛው ግን አንዳች ነገር ከጀርባው ደብቆ በር ላይ እንደ ቆመ ሰው ድርቅ ብሎ ነው የሚዋሸው። ከጀርባው ያለው ምንድን ነው?

እናትየው በሟቿ ቤት ነበረች። መርማሪዋ ስትገባ አልጋ ላይ የልጇን ልብሶች እየዘረጋች፣ በመዳፏ እያሸች፣ እያጠፈች ትደረድራለች። የሞተ ሰው ልብስ ማን ይለብሰዋል ብሎ የሚነግራት አልነበረም።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት።»

«አሜን፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ። ከንፈርሽ ደርቋል፣ ምን ሆነሻል? አምጪው ካፖርትሽን።» ተቀበለቻትና እሱንም አጠፈችው። ከዚያ አፉ በሰማያዊ መቆንጠጫ የተያዘ የብርቱካን ከረጢት ከጓዳ አመጣች፤ ፈትታ አንድ ብርቱካን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «የትናንቱ ነው። ማን ሊበላው።»

«እስቲ የትናንቱን ያጫውቱኝ።»

«ምኑን አጫውትሻለሁ? ዓሣዬ ነበር የምላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውኃ ካየች አትያዝም። እኔ ደግሞ ውኃ እፈራለሁ፤ ጀልባ የሚባል ረግጬ አላውቅም። ‹እማ፣ ስሞትልሽ፣ የምውልበትን አንድ ቀን እይልኝ› ብላ ለመነችኝ። ሄድኩላት። ስትዋኝ አየኋት፤ ወይ ስታምር! ያን ሁሉ ዓመት ምነው ሳላያት ቀረሁ ብዬ ተቆጨሁ።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «መሄጃችን ሲደርስ እኔ የተዝረከረከውን መሰብሰብ ጀመርኩ። ልጆቼን አታውቂያቸውም፤ ቢሞቱ ያወለቁትን አያነ...»

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። መርማሪዋም ብርቱካኑን መላጥ ተወች።

«ወጥታ ነበር እኮ!» አለች እናትየው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ የምትሟገተው ከእግዜር ጋር ይመስል ነበር። «ታች ክፍል ውስጥ ልብሷን እየቀየረች ስታንጎራጉር በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ደስ ሲላት ነው የምታንጎራጉረው። ታዲያ መቼ ተመልሳ ገባች? ለምን ሳትነግረኝ ተመልሳ ገባች? ሌላ አላስብም፣ ይህንኑ ነው የማስበው።»

መርማሪዋን ለምን ባይነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበዳት።

ካፒቴኑ በወደቡ ዘበኞች ክፍል ተቀምጧል። ያቀረቡለት ዳቦ እንዳለ ነው፤ አልነካውም። ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ፣ ቆዳው የጠቆረ፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ለሟቿ የሰጧት መቆንጠጫ ምን ቀለም ነበር?»

«ሰማያዊ። ‹የባሕሩን ስጡኝ› አለችኝ፤ እየሳቀች።»

መርማሪዋ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። «ሞተር ከማስነሣትዎ በፊትስ ምን አደረጉ?»

«መልሕቁ አስቸግሮ ልጁን ላግዝ ፊት ሄጄ ነበር። ስመለስ ሽቦውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ያም ሆኖ ተጣራሁ፤ ‹ያልወጣ አለ?› አልኩ። ‹ሁላችንም አለን› ተባልኩ።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለዎት?»

ሽማግሌው ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ።

«የወንድ ድምፅ ነው የሴት?»

«ጆሮዬ አርጅቷል ልጄ።»

«አባባ፣ ከሰዓት በኋላ ይታሰራሉ።»

«ጀልባዋ የኔ፣ ሞተሩ የኔ፣ ያስነሣው እጅ የኔ። አጎንብሼ ከሥር ማየት ነበረብኝ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።»

መርማሪዋ ወደ ጀልባዋ ተመለሰችና ጠላቂውን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሰውዬው አፍሮ ሳቀ። ልብሱን አውልቆ ውኃው ውስጥ ገባላት። እሷ እናትየው ተቀምጣበት በነበረው የኋላ መቀመጫ ላይ ሆና አዳመጠች፤ አዳምጣ ስትጨርስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቃዋ የደወለው ያኔ ነው።

«መዝገቡ ተዘጋ?»

«ዘንዶውን አገኘሁት» አለችው። «ምነው እጄ በተሰበረ።»

እውነቱን ይዛ ብትቀመጥ አንድ ንጹሕ ሽማግሌ ዘብጥያ ይወርዳል። ብትናገር አንዲት እናት ቆማ ትሞታለች። እንዲህ ያለ ምርጫ ለጠላትም አይስጥ! ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገ ከሰው ሐሜት ከምትሰማው ዛሬ ከሚያዝንላት አፍ ትስማው ብላ ቆረጠች። ሁሉንም ወደ ጀልባዋ አስጠራች።

መጡ። ባልየው አማቱን ክንዷን ይዞ አሳፈራት። እናትየው ብርቱካኑን እንኳ ቤት አልተወችውም፤ ለሰው ይሆናል ብላ ከረጢቷን እንደያዘች መጣች። ካፒቴኑ ከመሪው አጠገብ ቆመ። ወንድምየው ግን ገና እግሩን ሳያሳርፍ ጮኸ።

«እማን ለምን አመጧት? እሷ ምን ታውቃለች?»

«ተቀመጥ» አለችው መርማሪዋ፤ በቁጣ አይደለም። ፎጣውን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«የጀልባዋን ደንብ ታውቃላችሁ። ፎጣ ካለ ሰው አለ። ይህ የሟቿ ፎጣ ነው። ተሰቅሎ ነበር፤ የመቆንጠጫው ንክሻ ይኸውና። ከውኃ ወጥታ ራሷ አንሥታው ቢሆን ገላዋን ባደረቀችበት ነበር፤ ፎጣው ግን ጭራሽ አልረጠበም። ስለዚህ እሷ ገና ውኃ ውስጥ ሳለች ያነሣው ሌላ ሰው ነው። አንሥቶም አጠፈው። ከአደጋው በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ እጥፋቱ እንዳይታይ ጨመደደው።»

«ለምንድነው የሚጨመድደው?» አለ ባልየው።

«እጥፋቱን ስላወቀው። አንዳንድ እጅ አለ፣ በሱ ካደጉ እጥፋቱን አይተው የማን እንደሆነ ይለያሉ።»

ወንድምየው ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ! ያነሣሁት እኔ ነኝ! አሁን ይብቃ፣ እሰሩኝና እማን መልሷት!»

ባልየው ሊያንቀው ተወረወረ፤ ጠላቂው አልነበረምና መርማሪዋ ራሷ መካከል ገባች።

«ተዉት፣ ይዋሻል። ጠዋትም ዋሽቶኛል። ያን ጊዜ መልሕቁ ላይ ነበርክ፤ እጅህ ጭቃ በጭቃ ነበር። ፎጣው ላይ ግን አንዲት ነጥብ ጭቃ የለም፤ የጨመደድከውም ኋላ እጅህን ታጥበህ ነው። ካፒቴኑም ከጎንህ ነበሩ፤ ስለዚህ እሳቸውም አላነሡትም። እርስዎ ደግሞ» አለች ወደ ባልየው ዞራ፣ «መረቡ ላይ እነሱ አጠገብ ተኝተው ነበር። ኋላ በኩል የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ክፉ አላሰበም። ልጅቷ ወጥታለች ብሎ በሙሉ ልቡ አምኗል። ለምን እንዳመነ ደግሞ አሁን ትሰማላችሁ።»

ወለሉን በእግሯ ደበደበች።

ከዚያ የወንድ ማንጎራጎር ተሰማ፤ ቀስ ያለ፣ ቅርብ፣ ከታች ካለው ክፍል። የሁሉም አንገት ወደ ደረጃው ዞረ። ካፒቴኑ እንኳ፣ ያን ሁሉ ዘመን በጀልባዋ የኖረው፣ ወደዚያው አየ።

«ታች ማን አለ?» አለ ባልየው፤ በደረጃው ወረደና ወዲያው ተመለሰ። «ማንም የለም።»

ከኋላ በኩል ውኃው ተንቦጫረቀ። ጠላቂው ፖሊስ ከወለሉ ሥር ወጥቶ፣ ውኃ እየተንጠባጠበበት፣ መሰላሉን ይዞ ብቅ አለ።

«ድምፅ ከወለሉ ሥር ሲመጣ በሁለቱ ጠባብ ጀልባዎች ጎን ይገባና በክፍሉ በኩል ይወጣል» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷ አልወጣችም። ፀሐዩ ሲያቃጥላት ጥላ ፍለጋ ከወለሉ ሥር ገብታ፣ ጆሮዋ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ በጀርባዋ ተንሳፍፋ እያንጎራጎረች ነበር።»

«ቅባቱን ስለረሳሁ» አለ ባልየው በሹክሹክታ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

እናትየው ግን ጠላቂው ከመታየቱ በፊት ገብቷታል። እጇ ከከረጢቱ አፍ ሰማያዊውን መቆንጠጫ ነቀለ። ብርቱካኖቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ የሚያነሣቸው ጠፋ።

«እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለች። «ወድቆ እንዳይጠፋ ብዬ ከረጢቱን ያዝኩበት። ፎጣውም ንፋስ እንዳይወስደው ብዬ... ወይኔ ልጄን! ወይኔ ዓሣዬን! በገዛ እጄ!»

ለቅሶዋ ወደቡን አናወጠው። የጎረቤት ጀልባ ላይ ገመድ ሲጠቀልሉ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ቆሙ። መርማሪዋም አለቀሰች፤ ማንም አይየኝ አላለችም።

ልጁ እናቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። «እንዳታውቂ ብዬ ነው እማ። ፎጣውን ሳየው እጅሽን አወቅሁት። እንዳታውቂ ብዬ ነው።»

«እኔ እንዳላውቅ ብለህ የሰው አባት ልታሳስር?» አለችው፤ ግን ራሱን ወደ ደረቷ ጎተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየችው። «‹ሁላችንም አለን› ያልኩዎት እኔ ነኝ። ድምፄን አላወቁትም?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልተናገሩም?»

«ልጅ ለሞተባት እናት?» አለ ካፒቴኑ። «ምን ብዬ?»

መርማሪዋ ዕንባዋን ጠረገች። «ወንጀለኛ የለም። ይህ አደጋ ነው፤ የምጽፈውም እንደዚያው ነው። አባባ ዛሬ ቤትዎ ይገባሉ። አንተ የጠዋት ቃልህን ትቀይራለህ። እናቴ፣ የሰሙትን ሁላችንም ሰምተናል፤ ማንኛዋም እናት በዚያ ድምፅ ልጄ ወጥታለች ብላ ፎጣዋን ባነሣች ነበር።»

እናትየው ከመርማሪዋ እጅ ፎጣውን ወሰደች። በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ጭምድዱን አቃናችው። ሁሉም ልታጥፈው ነው ብለው ጠበቁ። አላጠፈችውም። ውኃ የምትፈራው ሴት ማንንም ሳትይዝ ወደ ጀልባዋ ጫፍ ሄደችና ፎጣውን ሽቦው ላይ ዘረጋችው፤ በሰማያዊው መቆንጠጫ ያዘችው።

«ፎጣ ካለ ሰው አለ ነው አይደል ያሉት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አለ ካፒቴኑ።

«ገና አልወጣችልኝም።»

ሽማግሌው ወደ መሪው ሄዶ የሞተሩን ቁልፍ ነቀለ። አምጥቶም እጇ ላይ አስጨበጣት።

«እንግዲያው አንሄድም» አላትና አጠገቧ ተቀመጠ።